የቀጭኗ ወገብ በዋይፋይ

ልብስ ሰፊዋ የደንበኛዋን የወገብ ልክ አውጥታ ሸጠችው ተባለ። ወሬው ደረጃውን ወርዶ፣ ጭማቂ ቤቱን አልፎ፣ ጥግ ያለው ፀጉር ቤት ሲደርስ ደግሞ ዋጋም ተቆረጠለት። ፀጉር ቤቱ ያለ ዋጋ ወሬ አይቀበልም።

ውሸት ነው። ሴትዮዋ እንኳን የሰው ወገብ ልትሸጥ፣ የራሷን ዕድሜ ለባሏ ሳትነግር ነው ያረጀችው። «ሣጥኗ» የሚል ቅጽል የወጣላት በከንቱ አይደለም። ሱቋ በደንበኛ በተጠቀጠቀበት ቀን እንኳ፣ ሜትሯን በሰው ወገብ ጠምጥማ ቁጥር ስትጠራ የሰማ የለም። የምትጠራው ፍራፍሬ ነው። «ወገብ ሎሚ፣ ዳሌ ፓፓያ» ትላለች፤ የባሏ እህት ከጥልፏ ቀና ሳትል ትጽፋለች። የትኛው ፍሬ ስንት እንደሆነ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ይቀያይሩታል። ድሮ በቤት ዕቃ ነበር የሚጠሩት። አንዲት ሙሽራ «ወገብ በርሜል» ሲባል ሰምታ እያለቀሰች ወጣች። በርሜል የዚያን ሳምንት ትንሹ ቁጥር ነበር፤ ግን እንዳይነግሯት ምስጢር ሆነባቸው። ከዚያ ወዲህ ፍራፍሬ ሆነ።

ጣጣው የመጣው አማቿ ድረ ገጽ የሠራላት ጊዜ ነው። የልጇ ባል ኮምፒውተር ያውቃል፤ ስንፍናም አያጣም። ደንበኛ ባለችበት ሆና ራሷን ለክታ፣ ቁጥሯን በስልኳ ጽፋ ትልካለች፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ ይጠብቃታል። ድረ ገጹ አምሮ ነበር፤ ከአድራሻው ጎን ብቻ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ደንበኞቹ ስለ ሱቁ ደረጃ የተጻፈ መሰላቸው፤ ደረጃው መደገፊያ አልነበረውማ። ሣጥኗም «ደግሞ እንዴት አወቁብን?» ብላ ብረት በያጅ አስጠርታ መደገፊያ አስበየደች። ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አላለም። አማቿን ብትጠይቀው፣

«ይተዉት እማማ፣ ባንክ አይደለን። የቀሚስ ወገብ ማን ይሰርቃል?» አላት።

እንግዲህ ቀጭኗ የሚሏት ሴት አለች። «ከተዳርኩበት ቀን ወዲህ አንድ ጣት አልጨመርኩም» የሚል ንግግር አላት፤ ሰላምታዋ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሣጥኗ እውነቱን ስታውቀው ኖራለች። በየዓመቱ የቀጭኗን ስፌት ፈታ፣ ለቀቅ ታደርግና «ጨርቁ ገብቶ ነው» ትላታለች። ቀጭኗም «የዘንድሮ ጨርቅ» ብላ ትቆጣለች። በዚህ ተስማምተው ነው የኖሩት።

ቀጭኗ ልጇን ልትድር ሆነና የራሷን፣ የሙሽራዋንና የሚዜዎቹን ቀሚስ ሁሉ እዚሁ አዘዘች። ጭማቂ ቤት ቁጭ ብላ፣ በነጻው ዋይፋይ፣ ልኳን ላከች። በማግሥቱ ቁጥሩ ከነነጥቡ ሰፈር ውስጥ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቀጭኗ የሰማችው ከሁሉ ኋላ ነው፤ ያውም ከሙሽራው እናት አፍ፣ «አይዞሽ» ከሚል ቃል ጋር።

አዲሱን መደገፊያ ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ሣጥን ይሉሻል እንጂ ወንፊት ነሽ። ጨርቄን ስጪኝ» አለች።

«የኔ እህት፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«በየትኛው ወገቤ?»

ጨርቋን ጠቅልላ ሄደች። እሷን ተከትለው ሌሎቹም መጡ። አንዷ «አክስቴ መስፋት ጀምራለች» አለች፤ አክስት እንደሌላት ሣጥኗ ታውቃለች፤ ግን ይሄንንም ለማንም አልተነፈሰችም። ሳምንቱ ሳያልቅ ሱቁ ውስጥ አንዲት ጉርድ ብቻ ቀረች።

«ስሜ ሄደ» አለች ለባሏ እህት። «መርፌ ያለው ሁሉ ይሰፋል። እኔ ጋ ይመጡ የነበረው ለዝምታዬ ነው።»

አማቿን አስጠራችው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከአፌ አልወጣም። ከየት ወጣ?»

አማቿ ጆሮውን አከከ። «የት ሆነው ነው የላኩት?»

«ጭማቂ ቤት።»

«እንግዲህ… ድረ ገጹ ላይ መቆለፊያ አላደረግኩበትም። ቁጥሩ ከስልካቸው ተነሥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ እንዲሁ ራቁቱን ነው የሚሄደው። መሃል ላይ ዋይፋዩን የያዘ ሰው አነባለሁ ካለ ያነበዋል።»

«ቆይ። እኔ እዚህ ሎሚ እያልኩ፣ ያንተ ድረ ገጽ እዚያ ቁጥሩን እየጮኸ ነው?»

«አይጮህም እማማ። ማለቴ… አዎ።»

የጭማቂ ቤቱን ዋይፋይ የሚቆጣጠረው ከደረጃው ሥር የሚሠራው ስልክ ጠጋኝ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ ሲፈታ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል እንጂ። አማቿ መቆለፊያውን አሁኑኑ ላድርግ ብሎ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አለችው። «ሌባውን ሳልይዝ በሩን አትዝጋብኝ።»

ወረደችና ጭማቂ አዘዘች። የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆ ሲያጥብ እሷ ፍሪጁን በዓይኗ ለካችው፤ ዓይኗ ከሜትር አያንስም። ከዚያ ስልኳን አወጣችና በቤቱ ዋይፋይ ከራሷ ድረ ገጽ ላይ በባለቤቱ ስም አንድ ሱሪ አዘዘች፤ በወገቡ ቦታ የፍሪጁን ዙሪያ ጻፈች። ለባሏ እህት እንኳ አልነገረችም። ተመልሳ የጉርዷን ዚፕ መትከል ጀመረች።

ዚፑ ሳያልቅ ባለ ጭማቂው እያለከለከ ደረሰ።

«ፀጉር ቤት ብገባ ሁለት ወንበር አቀረቡልኝ» አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔን የለካሽኝ መቼ ነው?»

«አንተን አልለካሁም። ፍሪጅህን ነው።»

«ፍሪጄ ምን አደረገሽ?»

ይህኔ ጠጋኙ ከደረጃው ሥር ተጠራ። የባሏ እህት ቀጭኗን ልታመጣ ሄደች፤ ቀጭኗም ጨርቋን በከረጢት እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም፣ አልሄደችም።

«መስመሩ ጤነኛ መሆኑን ሳይ ነው እኮ ዓይኔ የገባው» አለ ጠጋኙ።

«አፍህስ?» አለችው የባሏ እህት።

አማቿ ዚፕ ከመትከል ባነሰ ጊዜ መቆለፊያውን አደረገው። በነጻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ይህን ሲሰሙ ሁሉም ዞረው አዩት። ሣጥኗ እዚያው በጭማቂ ቤቱ ዋይፋይ ሌላ ቁጥር ላከችና ጠጋኙን «በል አንብብ» አለችው።

«ወደዚህ ሱቅ የሚሄድ ነገር እንዳለ አያለሁ» አለ ጠጋኙ ይዞት በወጣው ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብሎ። «ውስጡ ግን ዝብርቅርቅ ነው። ድመት ኪቦርዱ ላይ የተኛችበት ይመስላል።»

«ፓፓያ ነው የሚያየው» አለች የባሏ እህት ኮራ ብላ።

ቀጭኗ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። «እኔ የማሽን ነገር አይገባኝም። የማውቀው የሰው አፍ ነው።»

«የሷ ይቆየንና የኔን ስም አጽጂልኝ» አለ ባለ ጭማቂው፤ ኮቱን አውልቆ እጆቹን ዘረጋ። «ሰው ፊት ለኪኝ።»

ሣጥኗ ሜትሯን ጠመጠመችበት። ለመድረስ ትንሽ ተንጠራራች። «ወገብ ሐብሐብ» አለች። የባሏ እህት ጻፈች።

«ስንት ማለት ነው? ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው።»

«አልናገርም።»

«የራሴን ወገብ? ፈቅጄ?»

«ብትፈቅድም።»

«ዝም ካልሽማ ፍሪጁን ይበልጣል ነው የሚሉኝ። እባክሽ፣ ልጆች አሉኝ።»

ሣጥኗ ሜትሯን ጠቀለለች። ባለ ጭማቂው ጠጋኙን አየ፣ ጠጋኙ ጣራውን አየ፤ ማንም ከማንም ምንም አላገኘም።

ቀጭኗ ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ስታይ ቆየች። ከዚያ ገባችና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጆቿን ዘረጋች። ሣጥኗ ጠመጠመች፣ አየች፣ ለቀቀች።

«ወገብ ሎሚ።»

የባሏ እህት ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ ጻፈች።

ቀጭኗ ወደ ሣጥኗ ጆሮ ጠጋ አለች። «ቀንሷል?»

«እኔ የሰው ወገብ አላወጣም» አለች ሣጥኗ፣ ጨርቁን ከከረጢቱ እየፈታች። «ለባለቤቱም ቢሆን።»