ለአናጢው ሚስት የተሳለ ቁምሳጥን

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ብዕር ለማንሳት መድፈሬ እኔኑ ያሳፍረኛል። ግን የጎረቤቴን የአናጢውን ነገር ዝም ልበል ብል ሆዴ እሺ አላለኝም።

አናጢው ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቁምሳጥን ሲሠራ፣ የገዛ ሚስቱ ልብስ ከአልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ኖሯል። ዛሬ ነገ ሲል እሷ ታመመች፤ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለብቻው ጠርቶት፣ "ከእንግዲህ አትነሳም" አለው። እሱ ቃሉን ዋጥ አድርጎ ለሷ አልተነፈሰም። ጣውላ ገዝቶ ገባ።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ቁምሳጥኑን በቁመቱ ልክ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይስለዋል። የምታሠራው ሴት ሥዕሉ ፊት ቆማ እጇን ትሰቅላለች፤ ጣቷ የደረሰበት ላይ የልብስ መስቀያው ዘንግ ይሆናል። ያን ዕለት ከሰዓት ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ሳለ። የአንሶላ መደርደሪያ ከላይ፣ ሁለት መሳቢያ ከታች፣ በሩ ላይ መስታወት። ዘንጉ ጋ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። የሚቆምለት የለም። ድሮ ትከሻው ድረስ እንደነበረች አስቦ፣ በግምት ምልክት አደረገ።

ሚስቱ ተኝታ ስታየው ቆይታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያ ለማን ነው?" አለችው።

"ላንቺ ነዋ።"

"እኔ ደግሞ ለቀጭኔ መስሎኝ።"

ሳቀ። "ስትነሺ ትደርሺበታለሽ።"

"ውሸት አይሆንልህም፤ ጆሮህ ይቀላል።" ክንዷን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ወደ ግድግዳው ዘረጋች። "ዘንጉን እጄ የሚደርስበት እዚህ ጋ አድርገው። መስታወቱንም ዝቅ።"

"ረጅሙ ቀሚስሽ መሬት ሊጠርግ ነው?"

"እሱን ለእህቴ ስጣት። ለብሼው የት ልሄድ?"

ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ዝቅ ካደረገው የሐኪሙን ቃል በገዛ እጁ መፈረም ሆነበት። "ትደርሺበታለሽ ብያለሁ" ብሏት ወጣ። ተኮራርፈው አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ክንዷን ቀስ አድርጎ አነሳው። የሜትሩን ጫፍ ጣቷ ላይ አስያዛት። ከወለሉ አንድ ሜትር ከአስር ሳንቲሜትር። ደጅ ወጥቶ ረጃጅሞቹን ጣውላዎች ለዚያ ቁመት ብቻ እንዲበቁ አድርጎ አሳጥሮ ቆረጣቸው።