ባዶ ሆድና ጾመኛ ሆድ

በዳንግላ ትምህርት ቤት የጂምናስቲክ መምህር ሆኜ ሥራ በጀመርሁበት ዕለት የተረከብሁት ዕቃ አንድ ፊሽካና አንድ የተተረተረ ኳስ ነበር። መመሪያው የቃል ነው። ዲሬክተሩ «ልጆቹ እንዲጠነክሩ አድርግ» አሉኝና ቢሯቸው ገቡ። እንዴት እንደሚጠነክሩ ግን አልነገሩኝም።

የነገሩኝ ከሕንድ አገር የመጡት የሂሳብ መምህር ሚስተር ናየር ናቸው። ማለዳ ከቤታቸው ጓሮ ሰሌን ዘርግተው ዮጋ የሚባለውን የአገራቸውን የሰውነት ማሠልጠኛ ሲሠሩ አይቼ እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። እሺ አሉ። ይሁን እንጂ ለብዙ ሳምንታት ከመተንፈስ በቀር ምንም አላሠሩኝም። በአፍንጫ ማስገባት፣ ካስገቡት ይልቅ ዘለግ አድርጎ ማስወጣት፣ ይኸው ነው፤ ያውም ማለዳ፣ በባዶ ሆድ። አምቆ መያዝን ጨርሰው ከለከሉኝ። «ጀማሪ ትንፋሹን አይይዝም፤ ገና መልቀቁንም አልተማረም» አሉ።

ለተማሪዎቼም ቅደም ተከተሉን በዚሁ መንገድ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ቆሞ መተንፈስ፣ ቀጥሎ እጅን ከትንፋሽ ጋር ማንሣትና ማውረድ፣ ከዚያ ጉልበትን ላላ አድርጎ ማጎንበስ፣ ከዚያ በሆድ ተኝቶ ደረትን በጥቂቱ ቀና ማድረግ። የመጨረሻው በጀርባ ተጋድሞ ማረፍ ነው፤ ይህን ሚስተር ናየር «ሬሳ» ይሉታል። እኔም በመጀመሪያው ቀን «እንደ ሬሳ ተጋደሙ» ብዬ ባዝዝ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። ከአዲስ ቅዳም አካባቢ የመጣው ጎረምሳ ዳምጤ «መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙና እኛ እናለቅሳለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙን «ማረፊያ» አልሁት፤ ሁሉም ተጋደሙ።

ሚስተር ናየር ይሠሩት የነበረው፣ እግርን ወደ ሰማይ አንሥቶ በራስ መቆም በትምህርቴ ውስጥ አልነበረም። አንገቱና ትከሻው ያልጠና ሰው የገዛ ክብደቱን በአናቱ አይሸከምም።

በዓመቱ ሚስተር ናየር ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወሩ። በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ከፍተኛ ሹም ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መሆናቸው ተሰማና ዲሬክተሩ አስጠሩኝ።

«ልጆቹ በራሳቸው ይቁሙ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቆዩ። እንግዳው ቁም ነገር ማየት አለባቸው።»

«ጌታዬ፣ አልተማሩትም። ደግሞም ሁዳዴ ነው፤ አብዛኞቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም።»

ሳቁ። «ሕንዱ በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው ይል አልነበረም? ከሁዳዴ የበለጠ ባዶ ሆድ ከየት ልታመጣ ነው?»

ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሚስተር ናየር ባዶ ሆድ ያሉት እራቱን በልቶ፣ ተኝቶ ያደረን፣ ሥራውን እንደ ጨረሰም ቁርሱ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ጾመኛ ሆድ ሌላ ነው። ይህንኑ ባስረዳቸው «የቃላት ትምህርት አልጠየቅሁህም» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንደማልሰጥ ነገርኋቸው። እጃቸውን ዘረጉና «እንግዲያው ፊሽካውን አምጣ» አሉ።

ጉብኝቱ ሰኞ፣ በቀትር ሆነ። ዳምጤ ቅዳሜና እሑድን ከወላጆቹ ዘንድ ሰንብቶ፣ የሳምንት ስንቁን አዝሎ፣ ሳይነጋ ተነሥቶ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ በእግሩ የመጣው በዚያው ዕለት ነው። ጠንካራ ነው ተብሎ ከፊት ተሰለፈ። ዲሬክተሩ በመጀመሪያው ፊሽካ በራስ አስቆሟቸው። በሁለተኛው ቀጥ ብለው ቆመው ትንፋሻቸውን እንዲይዙ አዘዙ። ዳምጤ ዓይኑ ተገለበጠና እንደ ተቆረጠ ግንድ በጎኑ ወደቀ፤ ትከሻው ወለቀ።

እንግዳው ምን ሆኖ እንደ ሆነ ሲጠይቁ ዲሬክተሩ «ጾሙ አድክሞት ነው» ብለው መለሱ። ሲያዙ የተመቻቸው ጾም ልጁ ሲወድቅ ጥፋተኛ ሆነ።

በማግስቱ የዳምጤ አባት በፈረስ መጡ። ልጃቸው ትከሻው በወጌሻ ታስሮለት ከቢሮው ደጃፍ ተቀምጧል። ዲሬክተሩ ወደ እኔ እያመለከቱ «የሕንድ ጨዋታ ነው፤ ያመጣው ይህ መምህር ነው» አሏቸው።

«የማንም ጨዋታ ይሁን» አሉ አባትየው። «ልጄን አስተምሩልኝ ብዬ ብሰጣችሁ ገልብጣችሁ ሰበራችሁት። ይዤው እሄዳለሁ። እርሻው አልገለበጠውም ነበር።»

ዳምጤ ደንግጦ በአገውኛ ተናገራቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ እርስዎ እምቢ ብለው ነበር ይላል። እውነት ነው?»

ዲሬክተሩ «ተጠንቅቀህ መልስ» አሉኝ።

«እውነት ነው» አልሁ። «ያዘዙት ዲሬክተሩ ናቸው። እኔ ለዚህ ልጅ ያስተማርሁት መተንፈስና ማረፍ ነው።»

አባትየው «እንግዲያው ይቀመጥ፤ ይማር» አሉ። «ከእርስዎ በቀር ማንም በልጄ አካል ላይ አይዘዝ።»

ዳምጤ ትምህርቱን ቀጠለ። እኔ ግን ከሜዳው ተነሣሁ። ዲሬክተሩ የአተነፋፈስ ትምህርቱን «አደገኛ» ብለው ዘጉትና ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት አዛወሩኝ፤ ቀሪውን የሥራ ዘመኔን በወንበር ላይ ፈጸምሁ። ማንንም ያልጎዳው ሥርዓት ተከለከለ። ሥርዓቱን ያፈረሱት ሰው ግን ተጠየቁ ሲባል አልሰማሁም።

ጀማሪን የምታሠሩ ሁሉ፣ ከማሠራታችሁ በፊት ምን እንደ በላና ከየት እንደ መጣ ጠይቁት። ከዚያ ቆሞ ይተንፍስ። በራስ መቆም የግድ አይደለም።