የኮምቦልቻ ፀሐይ ያወጣችው ጭረት

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። መኪና መንዳት አልችልም፣ ዛሬም አልችልም፤ መኪና ማጠብ ግን በደሴ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ አለ ብትሉኝ ቶሎ አልቀበላችሁም። ማንም አላስተማረኝም። ታናሽ ወንድሜ አንዲት ጥቁር አውቶሞቢል ገዛና አዲስ አበባ ወስዶ ሴራሚክ የሚሉትን መከላከያ አስቀባት። ኮምቦልቻ የተከራየው ቤት አጥር ስለሌለው እኔ ግቢ አቆማት።

"እታለም፣ ይቺን ላቫጆ አላስገባትም" አለኝ። "የስንቱን የጭነት መኪና ጭቃ ሲፍቅ የዋለ ስፖንጅ ነው የኔን የሚነካው?"

እኔም በስልኬ ሰው ሲያጥብ እያየሁ፣ እየሞከርኩ፣ እየተሳሳትኩም ለመድኩት።

ሴራሚኩ ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት የሚደርቅ ስስ ሽፋን ነው። ውሃ ሲያርፍበት፣ በኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ እየተንከባለለ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ታዲያ ምንም አይነካውም ብሎ ያስባል። ይነካዋል እንጂ! አቧራ ማለት ደቃቅ ድንጋይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እጅ ሳያርፍበት ውሃ ብቻ አፈስበታለሁ፣ የሚወርደው በራሱ ይውረድ ብዬ። ከዚያ ሁለት ባልዲ አቀርባለሁ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ። ጓንቱ የለቀመውን አሸዋ ማለቅለቂያው ውስጥ ሳይተው ወደ ሳሙናው አይመለስም። እጄ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ነው፤ ክብ ክብ እያሉ ማሸት የለም። የጎማው ጨርቅ ለብቻው ነው። ሲያደርቁትም አይፈተግም፣ ለስላሳ ፎጣ ጣል አድርጎ ውሃውን ማስጠጣት ብቻ።

"አንቺ፣ የአራስ ልጅ ነው እንዴ የምታጥቢው?" ትለኛለች ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

"የአራስ ልጅማ ሲያመው ያለቅሳል። ይቺ ዝም ብላ ነው የምትቧጨረው" እላታለሁ።

ወንድሜ መኪናዋን የገዛው ለሙሽራ ሊያከራያት ነው። በዚያ ሰሞን ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት እናት ረመዳን ሳይገባ ልጃቸውን ሊድሩ መኪና ያማርጣሉ ተባለ። የሳቸው ሰርግ የሚወራለት ሰርግ ነው፤ የሳቸውን ሙሽራ የጫነችን መኪና ሌላውም ይፈልጋታል። ወንድሜ ጥሪ ካጣ ብዙ ሰንብቷል። "እሳቸው ካልወሰዷት እሸጣታለሁ፣ በቃኝ" ብሎኝ ነበር። ሲለኝ ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ አላነሳም።

ለእናትየው ልናሳያት በተቀጠርንበት ቀን ዋዜማ አጠብኳት። ሰሞኑን ሁሉ የበልግ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ስለነበር ፀሐይ የለም። ለማጠብ ጥሩ ነው፣ ሳሙናው አይደርቅም። በጉም ውስጥ ጥቁሯ መኪና እንደ ረጋ ውሃ ፀጥ ብላ ቆመች። ወንድሜ እኔው ቤት አደረና በማግስቱ ረፋድ ላይ ተያይዘን ወረድን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጨርስ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፣ ኮምቦልቻ በፀሐይ ጠበቀችን።

እናትየው ከእህታቸው ጋር ከበር ወጡ። እኔም ከመኪናው ወርጄ ሰላምታ ልሰጥ ስል ዓይኔ ኮፈኑ ላይ አረፈ። ከሞተሩ በላይ ባለው በዚያ ጥቁር ላይ፣ ፀሐይዋ ባረፈችበት ዙሪያ፣ ቀጫጭን ነጭ ክቦች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። የሸረሪት ድር! በደሴ ጉም ውስጥ አንድም ቀን አልታየኝም። እውነት ድር መስሎኝ በጣቴ ጫፍ ነካሁት። አልተነሳም። ወደ በሩ ዞርኩ፣ በሩም ላይ አለ። ጣሪያውም ላይ አለ። 

"ቢስሚላህ! ልጄ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ድስት? በምን ፈተጋችኋት?" አሉ እናትየው።

እህታቸው ሳቁ። "ፎቶ አንሺው ሙሽራዋን ትቶ ድሩን ነው የሚያነሳው!"

"እናቴ፣ ይሄ በማሽን ይወለወላል፣ ሽፋኑም እንደገና ይቀባል…" ጀመረ ወንድሜ።

"አላህ ይስጥህ ልጄ፣ እኔ ዛሬ ያየሁትን ነው የማውቀው።" ትከሻውን መታ መታ አድርገው ገቡ።

 ወደ ደሴ ዳገቱን ስንወጣ ነው ወንድሜ "ምን አርገሽባት ነው?" ያለኝ።

"ወላሂ ምንም።"

"ያለችው በማን እጅ ነው?"

"በኔ።"

"እና?"

 ቤት እንደደረስን ጓንቱን ገለበጥኩ፣ ፎጣውን በብርሃን አየሁ፣ አሸዋ ቀርቶ እንደሆነ የባልዲውን ታች ዳበስኩ። ንጹሕ ነው። ወንድሜ ያን ቀንም እኔው ቤት አደረ፤ እኔ የተማርኩት ሁሉ ውሸት ነበር ወይ እያልኩ አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ ከግቢው ሽው ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። አባዬ ናቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከመስጊድ ተመልሰው አሮጌ ሽርጣቸውን አጣጥፈው ይዘዋል። በኮፈኑ ላይ እህ ብለው ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ደረቁን አቧራ በሽርጡ ክብ፣ ክብ፣ ክብ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ቆይቷል።

"አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀስ በይ፣ ወንድምሽን ትቀሰቅሺዋለሽ" አሉኝ። "የሾፌር ወግ አያውቅም እሱ። እኛ በአሰብ መንገድ ፊታችንን ሳንታጠብ ነበር የመኪናችንን ፊት የምናብሰው። አንቺ አልፎ አልፎ ነው የምታጥቢያት፤ ጥዋት ጥዋት ፊቷን የሚያብስላት የለም ብዬ እኮ ነው፣ ከመጣች ጀምሮ።"

ከመጣች ጀምሮ! ቃሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ያለሁበት ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ ለካ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ይጮህባቸዋል ብዬ ፈራሁ። አልጮኸም። ሄዶ የስልኩን መብራት አበራና ኮፈኑ ላይ ያዘው። ክቦቹ በመብራቱ ዙሪያ ብቅ አሉ።

"የዘንድሮ ቀለም እንዲህ ነው እንዴ?" አሉ አባዬ ጎንበስ ብለው።

"ቀለሙ አይደለም አባዬ። አቧራው በደረቁ ሲታሽ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። ትናንት የሙሽራዋ እናት የመለሱን በዚህ ነው።"

አባዬ አንዱን ክብ በጣታቸው ተከተሉት። እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል፤ ዞሮ ገጠመ። 

"የኔ እጅ ነው?" አሉ። ወንድሜ የስልኩን መብራት አጠፋ።

ቁርስ ሳይቀምሱ ወጡ። መስጊድ መስሎን ነበር። እስከ ከሰዓቱ የአሱር ሶላት ሳይመጡ ሲቀሩ ወንድሜ ፍለጋ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር፣ በሩን ከፍተው ገቡ። በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርደው፣ የሙሽራዋን እናት ቤት ጠይቀው አግኝተው፣ በራቸው ላይ ቆመው "የልጄ ቸልታ አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው" ብለዋቸው ነው የመጡት። ሴትዮዋ አስገብተው ምሳ አብልተዋቸዋል። ለሙሽራዋ ሌላ መኪና ይዘናል፣ ቃል ሰጥተናል ብለዋቸዋል። የእኛዋ ተወልውላ ከደረሰች ግን ሚዜዎቹን ትጫን ብለዋል። ይህን ቆመው ነገሩን፤ ውሃ ጠይቀውኝ ጠጡ፣ ገብተውም ተኙ።