ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ዓይን

ሐይቅ ዳር በባጃጅ ሳልፍ ፀሐይ የመታው የእርጥብ መረብ ሽታ አንዳንዴ ድንገት ይመጣና፣ ልጄ የምትነግረኝን ትቼ የአባቴን ጣቶች አያለሁ። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ መረቡንም ራሱ ነበር የሚሠራው። በላይኛው ገመድ የሚደረደረው ዓይን፣ ማለትም የመረቡ ቀዳዳ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ነበር፤ አንድ አይጨምር፣ አንድ አይቀንስ።

በበጋ ሐይቁ ጸጥ ሲል፣ ደጅ ተቀምጦ እየቋጠረ ምክንያቱን ይነግረን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ መረቡ በቤተሰቡ ልክ ይከፈልና እያንዳንዱ ሰው የደረሰውን ይጠግናል፤ ታዲያ ሙሽራ ትወጣለች፣ ዘመድ ይመጣል፣ የቤት ሰው መቼ አንድ ልክ ይሆናል? ይህ ቁጥር ግን ለሁለትም፣ ለሰባትም፣ ለዘጠኝም ቢከፍሉት እኩል ይወጣል፤ ከአንድ እስከ አሥር ላለው ሁሉ ይዳረሳል፣ እንዲህ የሚሆን ከእሱ ያነሰ ቁጥርም የለም ይል ነበር። ከማን እንደተማረው እንጃ። እኛም በባቄላ ፍሬ ስንሞክረው እንውል ነበር፤ አስቸጋሪው ሰባት ነው፣ እሱም ሦስት መቶ ስልሳ ይደርሰዋል።

ታላቅ እህቴ ዘነበች አባቴን መነካካት ትወድ ነበር።

«አባዬ፣ አሥራ አንድ ከሆንንስ?»

«ያን ጊዜ አንዲት ዓይን ትተርፋለች።»

«እሷን ቀደን እንተዋትና ዓሣው ይሹለክባት፤ እሱም ቤተሰብ አለው!»

«አንቺን ነበር ከመረቡ ጋር መጣል!» ይልና ይስቅ ነበር።

አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴና ሰባት ልጆች፣ አሥር ነበርን፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ይደርሰን ነበር። እኔ እጄ ስለማይፈጥን፣ ዘነበች የራሷን ጨርሳ የእኔን ትቀጥልልኝ ነበር።

አንድ ክረምት ወባ ያዛት። በቃሬዛ ወደ ሕክምና ወሰዷት፣ ተሽሏት ተመለሰች፣ እንደገና ወደቀች፣ ነሐሴ ላይ ሞተች። ቤቱ በለቃሽ ሲሞላ እኔ አላለቀስኩም፤ ሰው «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ይል ነበር። ምንም አልነካኝም፣ እንደ ድንጋይ ነበርኩ። የምጠብቀው መረቡ የሚከፈልበትን ቀን ብቻ ነበር፤ ዘነበች ስለሌለች ክፍፍሉ እንቢ ይላል፣ የእሷ ቦታ ባዶውን ይታያል ብዬ።

መስከረም ጠባና መረቡ ደጅ ተዘረጋ። አባቴ በየድርሻው ጫፍ ቀይ ክር እያሰረ መቁጠር ጀመረ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ መሰለኝ፤ ግን አልፎ ሄደ።

እናቴ ከበሩ ሆና «ስንት ደረሰን?» አለች።

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«የተረፈ አለ?»

«የለም። ልክ ወጣ።»

እናቴ ወደ ቤት ገባች። እኔም የእህቴን ሃያ ስምንት ዓይን ከራሴ ጋር ይዤ ተቀመጥኩ፤ የትኞቹ የእሷ እንደሆኑ ግን አይለይም ነበር። ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው ጠገንኩት።

አሁን መረቡ ተሠርቶ ከሱቅ ይገዛል፣ ዓይኑን የሚቆጥር የለም። ልጆቼ ለበዓል ሲሰበሰቡ አንዱ ከቀረ ወጡ ይተርፋል፣ «ይሄ የማን ነው?» ይባላል፣ ስሙም ይጠራል። በዚያ መስከረም ግን ምንም አልተረፈም።