የማዳም ሁለተኛ ዓይን

እህቴ ከቤሩት ስትመለስ ያመጣችውን ሁሉ ዘመድ ተከፋፈለው። ብርድ ልብሱ ኩታበር ላለችው አክስታችን፣ ሽቶው ለጎረቤት፣ ሻንጣው ራሱ ለእኔ ደረሰ። ለራሷ ያስቀረችው አንዲት የኪስ ሰዓት ብቻ ናት። ስትጦራት የኖረችው አሮጊት፣ ማዳም የምትላት፣ ስትሞት "ይህ ለእሷ ይሁን" ብላ ተናዝዛላት ነው።

ሰዓቷ አትሠራም። ክዳኗ ላይ ግን ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯ ላይ ጽጌረዳ የሰካች ሴት ተስላለች። ፊቷ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ የጉንጯ ቅላት ሳይቀር ይታያል። እኔ ነገር ካልመረመርኩ እንቅልፍ አይወስደኝምና ስልኬን ከፍቼ አነበብኩ። እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን ያስጌጡ የነበሩት የድሮ ባለሙያዎች የመስታወት ዱቄት ከቀለም ጋር እየለወሱ፣ ጥቂት ፀጉር ባላት ብሩሽ እየሳሉ፣ እየደጋገሙ እሳት ውስጥ ያስገቡት ነበር። በመጨረሻው እሳት ከተሰነጠቀ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ በኩራት አነበብኩላት።

"ደጋግመው እሳት ውስጥ የከተቷት እንግዲህ ቢያውቁባት ነው" አለች።

የእናቴ ችግር ሴትየዋ በጎን መሳሏ ነው። የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሚሳለው ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና ሰይጣን፣ ከእነሱ ጋር የሚውሉትም ናቸው። ስለዚህ ሰዓቷ ባለችበት ቤት ውዳሴ ማርያም አልደግምም ብላ ደጅ እየወጣች መጸለይ ጀመረች፤ የመካነ ሰላም የጧት ብርድ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚወጡበት አይደለም። ፈረንጅ ንግሥቶቹንም በጎን ይስላል ብላት አልሰማችኝም። ምስሉ የማዳም አይደለም፣ ማዳም ሳትወለድ የተሳለ ነው ብልም ያው ነው። እቤታችን ሴትየዋ ማዳም ሆና ቀረች። በመጨረሻ እናቴ ቁርጡን ተናገረች፤ ወይ ሁለተኛ ዓይን ይሠራላት፣ ወይ ከቤቴ ትውጣልኝ። እህቴ ሰዓቷን ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ መዞር ያዘች።

በዚያ ሰሞን አንድ መሪጌታ ከደጎሎ መጥተው የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይስሉ ነበር። እናቴ ለምና አመጣቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ እህቴ ከደረቷ አውጥታ የሰጠቻቸውን ሰዓት እያገላበጡ መረመሩ፤ የሣላትንም ሰው እጅ አመሰገኑ። አንድ ነገር ሳያውቁ ግን ብሩሽ እንደማያነሡ ነገሩን። ዓይን የሚሰጠው በምግባር ነው፤ የማያውቋትን ሴት በምን አንጀታቸው ከጻድቃን ይደምሯታል? ወደ እህቴ ዞሩ።

"ሴትዮዋ ደግ ነበረች?"

"ክፉ አልነበረችም" አለች እህቴ።

"ደግ ነበረች ወይ ነው ያልኩሽ፣ ልጄ።"

"ክፉ አልነበረችም፣ መሪጌታ።"

መሪጌታ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። አንድ ተኩል ዓይን የሚባል ነገር በትምህርታቸው ስለሌለ ሙሉውን ፈረዱላት። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የእሳቸው ቀለም እንደ መስታወቱ አያበራም። እህቴ ውኃ የመሰለ የጥፍር ቀለሟን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለቻቸው። መጀመሪያ ጠርሙሱን በሁለት ጣት ነው የያዙት፤ ካሸተቱት በኋላ ግን ወደዱት። ዓይኑን በራሳቸው ቀለም በስንደዶ ጫፍ ሠርተው ላዩን በጥፍር ቀለሙ አብረቀረቁት። የድሮው ዓይን ከአዲሱ ጋር እንዲመጣጠን ብለው እሱንም አሳደጉት።

ሲጨርሱ ያየነው ጉድ ነው። አፍንጫዋን ለመንካት ስላልደፈሩ አፍንጫዋ ወደ ደሴ፣ ዓይኖቿ ወደ እኛ ሆኑ። ያ ባለሙያ በስንት እሳት ያሳለፈውን ሥራ በጥፍር ቀለም አበላሹት ብዬ አንጀቴ አረረ፤ መሪጌታን ከማክበሬ የተነሣ ብቻ ነው ዝም ያልኩት። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዛሬ ጀምሮ እቤቴ እጸልያለሁ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

እህቴ ሰዓቷን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

"ስንት ዓመት አጠብኳት፣ አጎረስኳት፤ አንድ ቀን ቀና ብላ ዓይኔን አይታኝ አታውቅም" አለች። "ዛሬ አየችኝ።"

እናቴ መሪጌታን መሸኘቱን ለእኔ ትታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያም፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ሆነሽ ነው የኖርሽው?" አለቻት። እህቴ ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።