እንሰት የሚፍቁ መነኮሳት

ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ደጋውን ትቼ ቆላ ወረድኩና ሲቀላ ከተማ ሱቅ ካላት ልጄ ጋር መኖር ጀመርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ እኔ ግን አልጸለይኩም። ከሕዝቡ ጋር ቆሜ የጌታን ጸሎት እጀምርና «ይቅር በለን» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ አፌ ይያያዛል። በመጨረሻ ቄሳችን ከዶርዜ በላይ ባለች ትንሽ የካቶሊክ ገዳም አንድ ሳምንት እንድቀመጥ መከሩኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ምን ሥራ አለው? ሄድኩ።

ብርድና ጸጥታ ጠብቄ ነበር፤ ሁለቱንም አገኘሁ። ያልጠበቅሁት ጓሮው ውስጥ ያየሁትን ነው። ሰባቱ መነኮሳት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ በተረከዛቸው ከጣውላ ጋር አጣብቀው ይፍቃሉ። በእኛ አገር ይህ የሴት ሥራ ነው። ወንድ እንሰት ይተክላል እንጂ አይፍቅም፤ ሲፍቅ የታየ ወንድ መሳቂያ ሆኖ ይከርማል። እኔም ሳቄ መጣ። የገዳሙ አለቃ፣ የዚያው ደጋ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ፣ አይተውኝ የቀርከሃ መፋቂያ አቀበሉኝ።

«እዚህ ሴት የለችም፣ መምህር። ቆጮ ግን እንበላለን» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። መፋቂያውን ገና ስይዝ የባለቤቴ ድምፅ መጣብኝ። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ጓሯችን ውስጥ እየፋቀች ነበር። «እጄ ዛለብኝ፤ ጣውላውን ያዝልኝ» አለችኝ። ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል ያያሉ። «ደግሞ ሴት አድርጊኝ እንጂ» ብያት ወጣሁ። እጇን ያዛለው የልብ ሕመም እንደነበር ሐኪሙ የነገረኝ ከረፈደ በኋላ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በራሴ ተናደድኩ፤ ንዴቴን እንሰቱ ላይ ተወጣሁ። እየተጫንኩ ስፍቅ ቃጫው እየተበጣጠሰ ከተፋቀው ጋር ተደባለቀ። የሰባት ሰው የጠዋት ልፋት አበላሸሁ። አጠገቤ የነበረው መነኩሴ ቃጫውን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በገዳሙ ሥርዓት ዕቃ የሰበረ ወይም ሥራ ያበላሸ ሰው ምሳ ላይ በሁሉም ፊት ተንበርክኮ ጥፋቱን ይናገራል፤ አለቃው ጠረጴዛውን አንዴ ሲመቱ ይቅር ተብሎ ይነሣል። እንግዳ አይገደድም። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሳንበረክክ የኖርኩ ሰው ይህንን ሥርዓት የመጣሁ ዕለት በሆዴ ስቄበት ነበር። ያን ቀን ግን ማንም ሳይጠራኝ ተነሥቼ ተንበረከኩ።

«እንሰቱን አበላሸሁ» አልኩ። በዚያ ማብቃት እችል ነበር። አላበቃሁም፤ የባለቤቴን ነገር ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ ሽማግሌው ጠረጴዛውን መቱ። ለሁሉም እንደሚመቱት ነው የመቱት፤ አላጠነከሩትም፣ አላለሰለሱትም። ከዚያ ቆመን የጌታን ጸሎት ስንጸልይ አፌ አልተያያዘም። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ጓሮ ድረስ ተከተሉኝ።

«አባ፣ ያስቀየምኩት እሷን ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ጠረጴዛውን ቢመቱልኝ እሷ መች ሰማች?»

«እግዚአብሔር ሰምቷል። ልጅዎ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ሳምንቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ይውረዱ።»

በማግስቱ ወረድኩ። ልጄ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ነበር። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠብቄ፣ እንደቆምኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሜትሩን እያጠቀለለች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች። «ያን ቀን እኮ ላያችሁ ደጋ ወጥቼ ቤት ውስጥ ነበርኩ። አንተ ስትወጣ እማዬ ጠራችኝ፤ ጣውላውን እኔ ያዝኩላት።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እሷ ናታ። ‹ራሱ ይነግርሻል፤ እስኪነግርሽ እንዳትቀየሚው› አለችኝ። አልተቀየምኩህም። መጠበቁ ግን ከብዶኝ ነበር።»