ባለቤት ያጣው መርዶ

በጣሊያን ጊዜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ረቡዕ ቀን ነበር። ረቡዕነቱ አያከራክርም፤ ሰው ሁሉ ወደ ሮብ ገበያ የሚወርድበት ቀን ነው። ዓመቱ ግን ያጠራጥራል። ሠላሳ ይሆን? እንዳይባል፣ የየብርጓል ልጅ አስማማው በሠላሳ ኅዳር ገና እቤቱ ሆኖ ገብስ ያጭድ ነበር። ሠላሳ ሁለትም እንዳይባል ቀይዋ ላም በዚያ ዓመት ገና መስከረም ላይ ሞታለች፤ የብርጓል ደግሞ በዚያ ጠዋት በር የከፈተችው ቀይዋን ልታልብ ነው። እንግዲህ ሠላሳ አንድ እንበል፣ ላሚቱን ምስክር አድርገን።

ሐምዱ የይጁቤ ሰው ነው። አህያዋን አሞሌ ጨው ጭኖ፣ ጣሊያን በየኬላው እየበረበረው፣ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ጥግ ባለችው በየብርጓል መንደር ሰው የሚጠብቀው ለጨው ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር ሳይገርመው መጥቶ አያውቅም።

«እትዬ የብርጓል» ይላል አጥሩን ተደግፎ፣ «ይቺ አህያ ወደ ገበያ ስንሄድ እኔ እጎትታታለሁ፤ ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ትጎትተኛለች። መንገዱ ያው፣ ዳገቱም ያው። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ሸምሲያን ናፍቃ ይሆናላ!»

«ሸምሲያ የኔ ሚስት! ታዲያ እኔ ለምን አልቸኩልም?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ጨው ገዢ ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ለምን እንደሚልስ ይጠይቃል፤ ከመቼ ወዲህ ነው ማር ሆኖ የተገኘው? ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንዴት ነህ ሲሉት «ተመስገን» ብሎ፣ አዝመራው ያማረለት ለምን «ምን አለ ብለህ ነው» እንደሚል ይጠይቃል። አማርኛ ለማይሰማ ጣሊያን ሰዉ ሁሉ ለምን ጮክ ብሎ እንደሚናገር ይጠይቃል፤ ሰውዬው ባዕድ ነው እንጂ ደንቆሮ ነው እንዴ? መልስ ግን አይጠብቅም። ጥያቄውን እንደ ምርቃት ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ የብርጓል ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዋ ስትስቅ ትሰነብታለች።

በዚያ ዓመት ግን ሳቋ ቶሎ ይቋረጥባት ነበር። አንድ ልጇ አስማማው ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገብቷል። ክረምቱ መጥቶ እስኪወጣ ወሬው አልተሰማም። ደጅ ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር፣ ወይ እሱ ነው ወይ መርዶው ነው ትላለች።

መርዶ በዚያ አገር እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሐዘንተኛው ደጅ ድምፁን አጥፍቶ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ቃል መናገር እንኳ አያስፈልግም።

የብርጓል ማለቢያዋን ይዛ በር ብትከፍት ደጇ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። እንደምን አደርሽ ያላት የለም።

«አስማማው! ወይኔ ልጄን!» አለችና ማለቢያውን ወርውራ መሬት ላይ ወደቀች።

ሰዎቹ ግን መርዶ ሊያረዱ አልመጡም። የመንደሩ ሹም አወቀ፣ ለጣሊያን መንገድ እንዲጠርጉ በማለዳ ውጡ ብሏቸው ነው፤ መንገዱ በእሷ ደጅ ሥር ስለሚያልፍ መሰብሰቢያው እዚያ ሆነ። ዝም ያሉትም በርዷቸው፣ ተናደውም ነው። ጩኸቷን ሲሰሙ ግን እያንዳንዱ በልቡ፣ ለካ የተጠራነው ለመርዶ ኖሯል፣ ሌሎቹ ያውቁ ነበር አለ። ከሁሉ ቀድሞ ዘንጉን ጥሎ ደረቱን የደቃው ራሱ አወቀ ነው። ዘግይቶ የደረሰው ደግሞ ዶማውን አይቶ፣ መቃብር ሊቆፈር ነው አለ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል የአስማማው መሞት ብቻ ሳይሆን አሟሟቱም ታወቀ። አንዱ ወንዝ ሲሻገር ነው አለ፤ ሌላው ምሽግ ውስጥ አለ። አልቃሿ ወለተ ሐዋርያት ጥይቱ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ሳይቀር በግጥም አወረደችው።

ሐምዱ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። አህያዋን አስሮ ገባ፤ ከሰዉ ጋር አለቀሰ፤ እንባውም የእውነት ነበር። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ወደ እንዳላማው ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«መርዶውን ማን አመጣው?»

«ደምለው መሰለኝ። ከፊት ቆሞ የነበረው እሱ ነው።»

ወደ ደምለው ሄደ።

«እኔማ ከአወቀ ነው የሰማሁ» አለ ደምለው። «ሹም አይደል? እንዲያው በባዶ ደረቱን ይደቃል?»

አወቀ ሲጠየቅ ዓይኑን ጠርጎ ተቆጣ። «እኔ ምን አውቄ! የብርጓል ስትጮህ ሰማሁ እንጂ!»

ደምለው ሐምዱን ከኋላው ተከትሎት ኖሮ ትከሻውን ያዘው። «አንተ ጨው ጫኝ፣ በሰው ሬሳ ላይ ሙግት ትገጥማለህ?»

«ሬሳው የታለ ጌታዬ?»

«ነውር አታውቅም?»

«ለነውሩ በኋላ ይምቱኝ።»

በለቅሶ ቤት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። ለመንገደኛ ነጋዴ፣ ያውም በሌላ ሃይማኖት ቤት፣ ከድፍረትም በላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ጨውን የሚገዛው ላይኖር ይችላል። ሐምዱ ይህን አላጣውም። ቢሆንም ከደምለው እጅ ወጥቶ በሴቶቹ መካከል አልፎ የብርጓል ፊት ተንበረከከ። ወለተ ሐዋርያት ፀጉሯን ልትላጫት ምላጩን አንስታለች። የተላጨች እናት ልጄ ይመጣል ብላ ደጅ ደጅ አታይም፤ በቃ፣ ቀበረችው ማለት ነው።

«እትዬ የብርጓል፣ ማን ነገረዎት?»

«እነሱ ናቸዋ! ደጄ ላይ ቆመው!»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ! ዝም አሉ እንጂ!»

ሐምዱ ወደ ሰዉ ዞረ። «እናንተስ?»

«እሷ ጮኸች» አሉ።

«እንግዲህ እርስዎ ከዝምታቸው ሰሙ፤ እነሱ ከጩኸትዎ ሰሙ። ብዙ የሚገርም ነገር አይቻለሁ። የሚያመጣው ሰው አጥቶ በራሱ እግር የመጣ መርዶ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»



«ኧረ እኔ የመጣሁት ለመንገዱ ነው!» አለ አወቀ።

«እኔም!» አለ እንዳላማው።

«እኔም እኮ!» አለ ደምለው፣ የቅድሙ ቁጣው በርዶ።

ወለተ ሐዋርያት ምላጩን እንደያዘች ቀረች። «ያን ሁሉ ግጥም ታዲያ ምን ላድርገው?»

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ።

«አለ በለኛ ሐምዱ!» አለች የብርጓል እጁን ይዛ። «ልጄ አለ?»

«ሞቷል ያለ ሰው አጣሁ ነው ያልኩት። ምላጩን ግን ያስቀምጡት።»

ምላጩን ራሷ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ሰዉ እየተሻማ ሳማት። አሟሟቱን አውቃለሁ ሲል የነበረው ሁሉ ያለውን ረስቶ፣ አንድ ጨው ነጋዴ ነውር ተሸክሞ ያደረገላትን እያነሳ አደነቀ።

«የሚገርመውስ እሱ ራሱ ነው» አለ እንዳላማው እየሳቀ። «በገበያ ቀን አህያዋ ባዶዋን ናት። የመጣውም ከላይ ከጮቄ በኩል ነው።»

የብርጓል ሳቋ ቆመ። ወደ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ ጨው ጭኖ ነው የሚሄደው። ከላይ ከጮቄ በኩል ደግሞ ጭነት ሙሉ ጨው የሚፈልግ፣ ጫካ ካሉት በቀር ማን አለ? እንግዲያው ሐምዱ እዚያ ማንን አየ? አይቶስ ከሆነ፣ በሹሙ ፊት አልናገር ብሎ ነው? ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ሰዉን በክንዷ እየገፋች ወጣች።

አህያዋ ታስራበት የነበረው ግንድ ባዶ ነው። ሐምዱ ታች፣ የይጁቤን መንገድ ይዟል።

«ሐምዱ!» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ በለቅሶ አልቆ ኖሮ ከአጥሩ አላለፈም። እሱም የመንገዱን ጥግ ዞረ።